የጋሽ ማሳሰቢያ አንድ ልዩ ፈቃድ

ኮምፒውተር የገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ሊፍቱ ይበላሻል፣ ውሃው ይጠፋል፣ ሥራ አስኪያጁ ይቀየራል፤ እሱ ግን አለ። ሁሉ ሰላም ሲሆን ማንም አያስታውሰውም። ኮምፒውተሩ «አላውቅህም» ያለ ቀን ግን ከአለቃው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ «የት ገባ ይሄ ሰውዬ?» ይላል። በልደትም በለቅሶም ብታገኙት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ ፓስወርዳችሁን ለሰው መንገር አለመንገራችሁን ነው።

የመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅትም የራሱ ነበረው። የሹመት ደብዳቤው «የሲስተምና የአካውንት አስተዳዳሪ» ይለዋል። ሠራተኛው ግን ጋሽ ማሳሰቢያ ነው የሚለው፤ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ለመቶ ሠላሳ ሰው አንድ ኢሜይል ይልካል፣ ርዕሱም ምንጊዜም «ማሳሰቢያ» ነው። ቁጥርም አለው። ይህ ነገር የተጀመረበት ሳምንት ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ወጥቶ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የጻፈው ክቡር ጋሽ ማሳሰቢያ ራሱ።

የዚህን ሰው ፍዳ ከማንም በላይ የተሸከመችው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እትዬ ይላታል፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ቢሮ ስለጠበበ ሁለቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ በመካከላቸው አንድ የብረት ፋይል ካቢኔ ቆሟል። እትዬ ከወረቀቷ ቀና ስትል ከካቢኔው በላይ የሚታያት የጋሽ ማሳሰቢያ መላጣ አናት ነው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን አናት ሳይ ኖርኩ» ትለዋለች ባሏን፣ ማታ ጫማዋን እያወለቀች። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፣ የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ «እህ» ይላል።

መጀመሪያ የመጣው መዓት በየወሩ የይለፍ ቃል መቀየር ነበር። እትዬ የልጆቿን ስም ጨረሰች፤ የወንድሞቿን ጨረሰች፤ ወደ አማቾቿ ተሻገረች፤ አማቾቿ ሲያልቁባት ጎረቤት ገባች። ቁጥርና ምልክት ይግባበት ስለተባለ በእያንዳንዱ ጎረቤት ስም መጨረሻ ላይ የትውልድ ዘመኑን በግምት ጽፋ ቃለ አጋኖ ትሰካበታለች። የሰፈሩን የመጨረሻ ቤት እንዳጋመሰች፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ማሳሰቢያ። የይለፍ ቃልን በየወሩ መቀየር ለደህንነት ጎጂ ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት መቀየር ክልክል ነው።»

«እንዴ! ሰፈሩን ሙሉ ከጨረስኩ በኋላ?» ብላ ካቢኔውን በመዳፏ መታችው።

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ አሻሽለውታል» አለ አናቱ።

አሻሽለውታል! የዚህ ሰው ሕይወት በዚህች ቃል ውስጥ ነው የምታልቀው። እነማን እንዳሻሻሉት አይታወቅም። የድርጅቱ ፋይልና ኢሜይል ሁሉ ክላውድ ላይ ነው፣ ማለትም ሩቅ አገር የሰው ኮምፒውተር ላይ ተከራይቶ ይኖራል። አከራዮቹ ታዲያ ሰው አንድ ነገር ለመደ ሲባል ያን ነገር ይቀይሩታል። ጋሽ ማሳሰቢያም ቅያሬውን እንደ ሞት መርዶ ተቀብሎ ለቤተሰቡ ያረዳል። ሲያረዳ ፊቱን ላየው ሰው፣ ተንኮሉ የእሱ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። ግን ማን ያየዋል? የሚታየው አናቱ ነው።

አንድ ጊዜ መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። ስድሳ አራት ገጽ፣ ባለ ሥዕል፣ ባለ ቀስት፣ ለአራት ወር ምሳውን እየተወ የደከመበት። ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ አርባ ሰው አዳራሽ ተጠራ። በዚያው ቀን ጠዋት አከራዮቹ የዕቃዎቻቸውን ስም በሙሉ ቀየሩ፤ ሦስቱ አንድ ሆኑ፣ አንዱ ለሁለት ተከፈለ፣ አንዱ ጭራሽ ቀረ።

ክቡርነቱ መድረኩ ላይ ቆመ። ወረቀት የመሰለ ፊት ይዞ «ገጽ አንድን ግለጡ» አለ። ተገለጠ። «እዚህ ላይ የምታነቡትን ስም እርሱት። ገጽ ሁለትን ግለጡ። ይኼንንም እርሱት።»

ገጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ የመጋዘን ኃላፊው እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ የማይረሳውን ብቻ ብትነግረን ምን አለበት?»

ጋሽ ማሳሰቢያ መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው። 

«የገጽ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው» አለ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እትዬ ከሁሉ በላይ ሳቀች። እሱ ግን አርባውን መጽሐፍ አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ በካርቶን አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ወደ ቢሮው አወጣው። ሁለተኛ ፎቅ መሆኑን ልብ በሉ፣ ሊፍቱም ተበላሽቶ ነበር።

ደግሞ ለማንም አይመለስም። «ለማንም ልዩ ፈቃድ የለም» ይላል፣ ሁለተኛዋ ቃሉ ይህች ናት። ደንቡ ሲስተሙ ከመሥሪያ ቤት ውጭ አይከፈትም የሚል ነው። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ከተማ ስብሰባ ሄዶ፣ አዳራሽ ሙሉ እንግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ የሚያቀርበው ጽሑፍ አልከፈት አለው። ደወለ።

«ማን ልበል?» አለ ጋሽ ማሳሰቢያ።

«አለቃህ ነኛ! ድምፄን አታውቀውም?»

«ድምፅ ማስረጃ አይሆንም ጌታዬ። ደግሞም እርስዎ መሆንዎ ቢረጋገጥ እንኳ ያሉት ውጭ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን ጽሑፉን በቃሉ አቀረበ። ግማሹ ጠፋበት፣ ግማሹን አደባልቆ ተናገረው። ነገሯን ግን በሆዱ ያዛት።

ከዚያ ረዳቱ መጣ። «ማሳሰቢያ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሦስት» እንዲህ ሲል አበሠረ፦ አከራዮቹ «ረዳት» የሚባል አዲስ መሣሪያ አውጥተዋል፤ መሣሪያው ሠራተኛው የሚጠይቀውን በጽሑፍ ይመልሳል፣ ፓስወርድ የረሳውን ያስገባል፣ ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ተከፍቶ ከቀረ ይዘጋል፣ ከደንብ ውጭ የተደረገ ነገር ካለ ለቅሞ ለኃላፊው ያቀርባል። ማሳሰቢያውን እንደ ወትሮው ማንም አላነበበውም። ሥራ አስኪያጁ ግን ከሌላ ቦታ ሰምቶታል።

እትዬን አስጠራትና በሩን ዘጋ። «ይኼ መሣሪያ አንድ ወር ይሞከር። ከሠራ የሰውዬው መደብ ይታጠፋል። ደብዳቤውን ከአሁኑ አዘጋጂና ያዢው። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ።»

እትዬ ያን ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የነገረችው ባሏን። «ተገላገልኩ በለኝ! ሊሄድልኝ ነው!»

«እሰይ» አለ ባሏ፣ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘ። ትንሽ ቆይቶ «በሱ ቦታ ማን ይመጣል?» አላት።

«ማንም።»

«ታዲያ ማታ ማታ ማንን ልታሚልኝ ነው?»

«አንተን» አለችው። ግን ጥያቄው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ጀመረችው፣ «የመደብ መታጠፍን ይመለከታል» ብላ። ከካቢኔው ማዶ ሰውዬው ረዳቱን ያስተምራል። መሣሪያው የድርጅቱን ጠባይ ስለማያውቅ፣ ሠራተኛው የሚጠይቀውን ሁሉ ከነመልሱ አንድ በአንድ መጻፍ አለበት። ማን ይጻፈው? እሱ። ስድስት ዓመት የመዘገበበትን ደብተር ዘርግቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይጽፋል፤ አልፎ አልፎም ያማክራታል።

«እትዬ፣ ሰው ፓስወርዱን ሲረሳ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው?»

«በስድብ ነዋ።»

«እሱን ጽፌዋለሁ። ከስድቡ ቀጥሎ?»

እትዬ መሳቅ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ሰውዬው የገዛ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ያውም ልኩን እሷን እየጠየቀ። ልትነግረው አፏን ትከፍትና ሥራ አስኪያጁ ትዝ ሲላት ትዘጋዋለች። አንዴ የደብተሩን አንድ ገጽ ሰርቃ አየችው። «የመጋዘን ኃላፊው፦ ትልቁን ፊደል ይረሳል፣ አይቆጡት፣ ያፍራል» ይላል። «ገንዘብ ያዧ፦ መነጽሯን ስትረሳ ነው እንጂ ፓስወርድ አትረሳም» ይላል። ስለ ራሷ የተጻፈውን ሳታገኝ ሰውዬው ተመለሰ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣች፤ ቁጣ ይሁን ሐዘን ለራሷም አልገባት አለ።

ወሩ አለቀ። ረዳቱ የመጀመሪያ ሪፖርቱን ለሥራ አስኪያጁ አቀረበ፤ ሥራ አስኪያጁም እትዬን አስጠራት። ፊቱ በርቷል።

«ነይ እዪው የናንተን ጻድቅ! ለማንም ልዩ ፈቃድ የለም ሲል አልነበር? ይኸው፣ ከደንብ ውጭ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ፣ ብዛት አንድ። አንድ ሰው ከውጭ እንዲገባ ፈቅዷል። እኔን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያዋረደኝ ሰውዬ! ማን ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ዘመዱ ይሆናል።»

ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን ወደሷ አዞረው። የተጻፈው የራሷ አካውንት ነው። ቀኑን አየችው፤ የዛሬ አራት ዓመት።

እትዬ ወንበሩን ይዛ ቆመች። የዛሬ አራት ዓመት እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ ሰባት ሳምንት። የዓመት ፈቃዷን በሁለተኛው ሳምንት ጨርሳ፣ ወይ እናቷን ወይ ሥራዋን ልትተው ደርሳ ነበር። ግራ ሲገባት ላፕቶፑን ይዛ ሄደችና ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሞከረችው። ተከፈተ። የቀረውን አምስት ሳምንት ሙሉ የሠራተኛውን ፈቃድም፣ ዝውውሩንም፣ ደብዳቤውንም እዚያው ወንበር ላይ ሠራች፣ በመሃል እየተነሳች እናቷን እያገላበጠች። ያ ነው ከሥራ ከመውጣት ያዳናት። ለምን እንደተከፈተ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። እንዲያውም ከቀብር መልስ ሥራ እንደገባች፣ ምሳ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ጥበቃ ጥበቃ ይልልኛል! የሱ ጥበቃ ከሆስፒታል ኮሪደር ዘው ተብሎ የሚገባበት ነው!» ብላ አስቃበታለች። እሱ እዚያው ነበር። ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ምሳውን በላ።

«ምክንያት አገኘን ማለት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መደብ ታጠፈ የሚለውን ተዪው። ደንብ በመጣስ ብለሽ ቀይሪው።»

እንዴት ደረጃውን እንደወረደች አታውቅም። ካቢኔውን ዞራ ሄደች፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደዚያኛው ወገን ስትሻገር ይህ ሦስተኛዋ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ የኔን ነገር እንደሚያወጣው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ሪፖርቱን የሞከርኩት እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ቀድመህ አትሰርዘውም ነበር?»

«መሰረዙም ይመዘገባላ።»

«እሺ ያኔስ? እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው! ያኔ እንደጨረስኩ ለምን አልዘጋኸውም?»

ጋሽ ማሳሰቢያ አሁን ቀና አለ። «ባል አለሽ፤ ልጆች አሉሽ» አላት። «ማን መቼ እንደሚታመም ይታወቃል? ሲመጣ ደግሞ መለመን የምትችይ ሰው አይደለሽም።»

እትዬ እንባዋ መጣ። እንባዋ ሲመጣ የምትናደድ ሴት ናትና ጮኸችበት። «ሊያባርሩህ ነው! ገባህ? በዚህ ነገር ሊያባርሩህ ነው! እኔም ካወቅሁ ወር ሆነኝ፣ እዚህ ተቀምጬ ደብዳቤህን ስጽፍ ነበር!»

«አውቄያለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ባለፈው ወር አንድ ፋይል በፓስወርድ ቆለፍሽ። በስድስት ዓመት ሳትለመኚ ፋይል ስትቆልፊ የመጀመሪያሽ ነው፤ እኔን የሚመለከት ነገር መሆን አለበት አልኩ።» ወደ ስክሪኑ ተመለሰና «ጥሩ ነበር፣ አሥራ አራት ፊደል» አላት፣ የደስ ደስ ባለው ድምፅ።

እትዬ ወደ ላይ ተመለሰች። አትጽፍም፤ ወይ እሷም አብራ ትባረር። «ፈቃዱን የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። ሥራ አስኪያጁ አንቺን ማን ነካሽ አላት። አትፈርምም። አትፈርሚ አላት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ለረዳቱ አንድ መስመር ጻፈለት፤ ረዳቱም እሷ አንድ ወር ያማጠችውን ደብዳቤ እሷ ቁጭ ሳትል ጽፎ አስረከበው። «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ ከልብ እናመሰግናለን» የምትለዋን እንኳ አልረሳም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ፈረመበት።

ሠራተኛ ሲሰናበት አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋል፣ ደንቡ የጋሽ ማሳሰቢያ ነው። የሚዘጋውም እሱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጋዘን ኃላፊው «ሰኞ ቢዘጋስ ጋሼ፣ ማን ያያል?» ብሎ ለመነው። እሱ ግን መነጽሩን ጠርጎ የራሱን ስም ፈለገ፤ ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነዎት ወይ ሲለው እርግጠኛ ነኝ አለ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ከዚያ የእትዬንም ልዩ ፈቃድ ሥራ አስኪያጁ በረዳቱ አስዘጋው። ጋሽ ማሳሰቢያ ብርድ ልብስ የመሰለች ሹራቡን ለብሶ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ እጅ ነስቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ማሳሰቢያ አልመጣም። ከመቶ ሠላሳው ሰው አለመምጣቱን ያስተዋለችው እትዬ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ረዳቱ እንዲበላሽ ስትጸልይ ዋለች፤ አልተበላሸም። ይሠራል፤ በደንብ ነው የሚሠራው። የመጋዘን ኃላፊው ትልቁን ፊደል ረስቶ ሲጠይቀው ሳያሳፍር፣ በለሰለሰ አማርኛ አስገባው። ያ ልስላሴ የማን እንደሆነ የምታውቀው እትዬ ናት፤ ይህም ይበልጥ አንገበገባት። ማንንም ብትነግር የማይገባው ነገር ነው። መሣሪያው ከሰውዬው የሚሻል መሆኑን መካድ አትችልም፤ ከሰውዬው የተወሰደ መሆኑንም መካድ አትችልም። ከካቢኔው በላይ ባዶ ግድግዳ ብቻ ይታያል።

ከምሳ በኋላ ስልኳን አነሳች። አንድ ጊዜ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳው።

«ጋሼ፣ ፓስወርዴን ረሳሁ» አለችው። አልረሳችም።

«ረዳቱን አትጠይቂውም?»

«አልገባኝም እሱ። አንተ ንገረኝ።»

ወንበር ሲጎተት፣ በር ሲዘጋ ተሰማት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ተለወጠ፣ የሰኞ ጠዋት ድምፁ ሆነ። «እሺ። መጀመሪያ ተረጋጊ። ከላይ በቀኝ ጥግ በኩል አንዲት ክብ ነገር አለች፣ ፎቶሽ ያለባት።»

እትዬ ስክሪኗን አየች። አከራዮቹ ቅዳሜና እሁድን ሥራ ላይ ነበሩ። ጥጉ ባዶ ነው፤ ክቡ የለም፣ ዝርዝሩ የለም፣ ቀለሙ ሳይቀር ሌላ ነው።

«አየኋት» አለችው።

«ተጫኛት። ዝርዝር ይመጣልሻል። አራተኛው ላይ ሂጂ።»

«ሄድኩ።»

እስክሪብቶ አንስታ የሚላትን ሁሉ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ። እሱ አይቸኩልም፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ይነግራታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሆነ ታውቃለች።

«እትዬ» አላት በመሃል። «ሁሉም ቦታው ላይ ነው? ምንም አልነኩትም?»

«ምንም አልነኩትም ጋሼ» አለችው። «እንደተውከው ነው። ከአራተኛው ቀጥሎስ?»